መጀመሪያ የሚቀምሰው

«ሳይቀምሱ ምንም እንዳትነግሪያቸው። መጀመሪያ ይቅመሱ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

ጋሽ ፈታሽ ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ምላጩን ጉንጫቸው አጠገብ አቆሙት። ድምፁ የአማቻቸው ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የወጥ ቤቱ ግድግዳ አንድ ነው፤ ያውም ስስ ነው፤ በዚህ በኩል የሚላጭ ሰው በዚያ በኩል ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማል። ቤቱን ሲያሠሩ ግንበኛው «ትንሽ ወፈር ላድርገው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ይበቃል» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ያኔ ሲሚንቶ መቆጠባቸው ነበር፤ ዛሬ ግን አስበውበት ያደረጉት ይመስል ኮሩበት።

«እምቢ ቢልስ?» አለች ልጃቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ቀምሰው እምቢ አይሉም። ልባቸው ይለሰልሳል። አንቺ ብቻ ፊትሽን አስተካክይ፤ ከፊትሽ ላይ ነው የሚያነቡሽ።»

የቧንቧ ውሃ ተከፈተና የቀረው ሳይሰማ ቀረ። ጋሽ ፈታሽ መስተዋቱ ውስጥ ያለውን ግማሽ ፊቱ የተላጨ ሽማግሌ አዩት። እሱም አያቸው። ከዚያ ምላጩን ሲያወርዱ አገጫቸውን ቆረጡት።

ጋሽ ፈታሽ የሰፈር ስም ነው። ከጎረምሳነታቸው እስከ ጡረታቸው ጉምሩክ ውስጥ በፈታሽነት ሠርተዋል፤ መጀመሪያ በባሕሩ ዳርቻ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ኋላ ደግሞ እዚህ በአውሮፕላን ማረፊያው። «ሻንጣውን ተዉት፤ የባለሻንጣውን ጉሮሮ እዩ፤ የደበቀ ሰው ምራቁን ይውጣል» እያሉ አዲስ ገቢዎችን ያስተምሩ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ታዲያ ሰውየው ወጡ እንጂ ዓይናቸው አልወጣም። የሚፈተሽ ሻንጣ ሲጠፋ ወደ ቤቱ ዞረ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ቤቱን አንድ ዙር ይዞራሉ፤ መሳቢያ ይስባሉ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ዘንበል አድርገው ያያሉ፣ ዘይቱ ትናንት የት ላይ እንደነበር ያስታውሳሉ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ቀረጥ ሳታስከፍለኝ ማለፌ ነው የሚገርመኝ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ልጃቸውም ትስቅ ነበር። አሁን አሁን ግን አትስቅም፤ መሳቢያውን ራሷ ከፍታ ትተውላቸዋለች።

እንደ እውነቱ ከሆነ በዚህ ሰሞን ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ይህን ለመጠርጠር ፈታሽ መሆን አያስፈልግም። እሳቸው ሳሎን ሲገቡ ስልክ ይዘጋል። ከልጃቸው አልጋ ሥር ገና ያልተዘረጉ፣ ምንም ያልተከተተባቸው ካርቶኖች ገብተዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ያለፈው ሳምንት የሆነው ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ አማቻቸው በእግሩ ጣት እየረገጠ ገባና ሜትር አውጥቶ አልጋቸውን ለካ። ርዝመቱንም ወርዱንም ለካና ተመልሶ ወጣ። ጋሽ ፈታሽ ትንፋሻቸውን ሳይቀይሩ የተኙ መስለው ቀሩ፤ እንቅልፍ ግን በዚያው ጠፋ። የሽማግሌ አልጋ የሚለካው ለምንድን ነው? አንድም አልጋው ሊወጣ ነው፣ አንድም ባለ አልጋው። ከከተማው ጫፍ የአረጋውያን ማረፊያ ተከፍቷል፤ ማስታወቂያውን አውቶቡስ ጎን ላይ አይተውታል፤ ሁለት አዛውንት ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ ዳማ ሲጫወቱ። ማንም ሰው ዳማ ሲጫወት እንደዚያ አይስቅም። ቤቱ በእሳቸው ስም ነው። በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ፍርሃት አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ ቤት ተሸክመው እንዳያወጧቸው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ዳቦ ቆረሱ። አማቻቸው የትልቅ ሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ እሑድም ቢሆን የጠዋቱን ተራ ገብቶ ለምሳ ይመለሳል። ሸሚዙን እየቆለፈ «አባባ፣ ዛሬ ለምሳ የትም እንዳይሄዱብን። የሚቀምሱልን ነገር አለ» አላቸው። «ምን?» አሉ። «ሲቀርብ ያዩታል» ብሎ ፈገግ አለ። የአስተናጋጅ ፈገግታ ለመጣው ሁሉ እኩል የሚታደል ስለሆነ ከሱ ምንም አይገኝም። ስለዚህ ጋሽ ፈታሽ ጉሮሮውን አዩ። ዋጥ አደረገ። ሻይ ይሁን ምራቅ ግን አልለዩም።

«እኔም ገበያ ደርሼ እመጣለሁ፤ አክስቴን ጠርቻታለሁ» አለች ልጃቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አባባ፣ የቡፌውን የታችኛውን በር ግን አደራህን እንዳትከፍተው» አለች።

አደራ የማያስፈልግ አደራ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ከፍተውታል። ከገበታ ጨርቆቹ ኋላ አንድ ጠርሙስ ቆሟል። ቀይ ወይን ነው፤ የፈረንሳይ። ወረቀቱን እርጥበት አበላሽቶት ግማሹ አይነበብም፤ አንገቱ ላይ ያለው ቆርቆሮ ተጨማድዷል፤ ትከሻው ላይ አቧራ ጋግሯል። ጋሽ ፈታሽን የበላቸው ይኸው አቧራ ነው። ልጃቸው አቧራ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ናት፤ ይህንን ብቻ ለምን ሳትወለውለው ተወችው? ዛሬ ጠዋት የሰሙት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ግልጥ አለላቸው። የውጪው በር እንደተዘጋ መነጽራቸውን አድርገው ተንበረከኩና ጠርሙሱን አወጡት።

ድሮ እንደሚሠሩት ሠሩ። ሥራ አይረሳም። ጨርቆቹ እንዴት እንደታጠፉ፣ ወረቀቱ ወደ የት እንደዞረ መጀመሪያ በዓይናቸው ያዙ። ከዚያ ጠርሙሱን መስኮቱ ጋ ወስደው ወደ ብርሃኑ ዘቀዘቁት፤ ጆሯቸው ሥር አድርገው ደህና አድርገው ናጡት፤ ገለበጡት፤ መልሰው አቀኑት። ከታች ጥቁር ነገር ብድግ አለ። ዱቄት ነው፤ ደቃቅ፤ አንዳንዱ ቅርፊት ቅርፊት ይላል። ጭስ እንደሚነሳ ተነስቶ ወይኑን አደፈረሰው። ጋሽ ፈታሽ ቁጭ አሉ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማቸው ሐዘን አልነበረም፤ ደስታ ነው። አገኙት። ስንት ዓመት ሙሉ ምንም ሳያገኙ ሲዞሩበት በኖሩት ቤት ውስጥ ዛሬ አገኙት። ሐዘኑ ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ የመጣውም «ልጄ» የምትለው ቃል አፋቸው ላይ ስትደርስ ነው።

ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አይቀመጥም። ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ከተቱና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ የድሮ ጎረቤታቸው ነው፤ ኪራይ ሲወደድበት ሱቁን ወዲያኛው ሰፈር አዛወረ፤ አውቶቡስ መያዝ ያስፈልጋል። መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሮ በወጉ አልተደፈነም፤ አውቶቡሱ በየጉድጓዱ ሲዘል ጋሽ ፈታሽ ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አብረው ዘለሉ። ሲደርሱ ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ጠርሙሱን ተቀብሎ እሱም በተራው ናጠው፤ አሸተተው፤ ቡሹን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። በዚህ ዓለም ላይ የማያውቀው ነገር የለም፤ ግን ኃላፊነት አይወድም፤ የሚናገረውን ሁሉ በ«እኔ ምንም አላልኩም» ይዘጋዋል።

«ይቺ ነገር የመድኃኒት ዱቄት ትመስላለች» አለ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

«ምን ዓይነት መድኃኒት?»

«ሰውን እሺ የሚያሰኝ አለ አሉ። አንድ ደንበኛዬ ነበሩ፣ እንደ አንተ ባለቤት የሞተችባቸው። ልጆቻቸው እሑድ ምሳ ጋበዟቸው፤ ጠጡ፤ ሳቁ፤ በማግሥቱ ሲነቁ ቤቱ በልጅየው ስም ሆኖ አገኙት። ፊርማው የራሳቸው ነው። አሁን ፀጉራቸውን የሚቆርጣቸው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። እኔ ምንም አላልኩም።»

ጋሽ ፈታሽ ያልተስተካከለውን ጢማቸውን እንዲያስተካክልላቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ፣ ከፀጉር ቅባቶቹ ጎን ፀሐይ እየመታው ቆየ። ፀጉር አስተካካዩ ስለ መብራት ሒሳብ፣ ስለ ምላጭ ዋጋ፣ ስለ ሚስቱ ወንድም ሲያወራ እሳቸው አንዱንም አልሰሙም። የሚያስቡት ስለ ልጃቸው ነበር። ትንሽ ሳለች ወደቡ ጋ መርከብ ሲጮህ ደንግጣ ኮታቸው ውስጥ ትገባ ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ባሏን ይዛ እዚህ የገባችው «ብቻህን አትኖርም» ብላ ነው። ያኔ ቸርነት መስሏቸው ነበር። አሁን ሲያስቡት ባዶ እጁን ቤት የገባ ሰው ቤቱን መመኘቱ የት ይቀራል ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸውን ተጸየፉ። ሁለቱ ሐሳቦች እየተፈራረቁባቸው ጠርሙሱን ይዘው ቤት ደረሱ።

ጠርሙሱን መልሰው ሲያስቀምጡ እጃቸው አልተሳሳተም። ወረቀቱ ወደ ግራ፣ ጨርቁ በእጥፋቱ፣ የቡፌው በር እንደነበረው ትንሽ ገርበብ። ትከሻው ላይ የነበረው አቧራ በፎጣው ተጠርጎ ስለነበር ከቡፌው ኋላ በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው አዲስ አቧራ ነሰነሱበት። በሥራ ዘመናቸው ሻንጣው እንደተከፈተ ያወቀ መንገደኛ አልነበረም፤ በዚህ ይኮሩ ነበር።

ምሳው አምሮ ቀረበ። የተጠበሰ ሥጋ፣ ድንች፣ ሰላጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ታናሽ እህታቸው በጊዜ መጡ፤ ወንበር ሳይዙ ስለ ዘይት መወደድ ጀመሩ፤ ወሬያቸው አያልቅም እንጂ ክፋት የለባቸውም። አስተናጋጁ ከሆቴሉ መልስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የገበታ ጨርቅ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። ልጃቸው «እቤትህ ነው ያለኸው እኮ» ብላ ሳቀችበት፤ «እጄ ያለ እሱ አይሠራም» አለ። ከዚያ ጠርሙሱን ከቡፌው አወጣው። ሕፃን እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ፣ ቀጥ አድርጎ ነው ያወጣው። ሆዱ ሰፋ አንገቱ ጠበብ ያለ የመስተዋት ዕቃ ከሆቴሉ ተውሶ ኖሮ ጎኑ አስቀመጠው። በጠራራ ቀን ሻማ ለኮሰ።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉ እህትየው።

«አይ አክስቴ፣ ሲቀዳ አንገቱን በብርሃን ለማየት ነው። ይሄ ወይን አርጅቷል። ያረጀ ነገር ችኮላም አይወድ፣ ግፊያም አይወድ።»

«ስለኛ ነው እንዴ የምታወራው?»

ሁሉም ሳቁ፤ ጋሽ ፈታሽ ብቻ አልሳቁም። ሻማውን ነው የሚያዩት። የማይታይ ነገር ከሌለበት ሻማ ምን ይሠራለታል? «ከየት አመጣኸው?» አሉ።

«ባለሆቴሏ ናት የሰጠችኝ። ወረቀቱ ስለተበላሸ አይሸጥም አለች። ግን አባባ» አለ ቡሽ መንቀያውን ቀስ አድርጎ እያዞረ፣ «የድሮ ዕቃ ስለሆነ የገባው በወደቡ በኩል ነው አሉኝ። እርስዎ እዚያ በነበሩበት ጊዜ። ምናልባት በእጅዎ አልፎ ይሆናል እኮ።»

ይህን ያለው ለፍቅር ነው፤ ወሬውን ቀስ እያለ ወደ ወደቡ ሊወስደው። ጋሽ ፈታሽ ግን ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። «በኔ እጅ ያለፈው ሁሉ ቀረጡ ተከፍሎ ነው ያለፈው» አሉ። «እጄ ላይ የቀረ ነገር የለም።» አስተናጋጁ ግራ ገባው። ልጃቸው ሹካዋን ከሳህኗ ጎን አስተካከለች። ቡሹ ከመሃል ተበጥሶ ወጣ፤ የቀረውን ግማሽ በትዕግሥት አወጣው። ከዚያ ጠርሙሱን በሻማው ላይ ዘንበል አድርጎ ወደ መስተዋቱ ዕቃ ማንቆርቆር ጀመረ። ገና ሲጀምር ፊቱ ተለወጠ። ጠርሙሱን አቀናው፤ ጠጋ ብሎ አየው፤ እንደገና ትንሽ ዘንበል አደረገው፤ እንደገና አቀናው። ንጹሕ ሆኖ መውረድ የነበረበት ወይን ገና ከአፉ ጭቃ ሆኖ ነው የወረደው።

«ማን ነካው?» አለ፤ ማንንም ሳያይ።

አስተናጋጁ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ አባቷን አየች፤ አባቷ የአስተናጋጁን ጉሮሮ አዩ። እህትየው ሦስቱንም በየተራ አዩ። አስተናጋጁ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። የተቀዳው ትንሽ እስኪረጋ ጠበቀና ከላይ ከላዩ ጣት የማይሞላ ወይን ብርጭቆ ውስጥ ቀዳ፤ ወደ ጋሽ ፈታሽ ዞሮ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ ብርጭቆውን ፊታቸው አስቀመጠው።

«ወግ ነው አባባ» አለ። «መጀመሪያ የሚቀምሰው የቤቱ ባለቤት ነው። እርስዎ ‹ደህና ነው› ካሉ ለሌላው ይቀዳል። ካላሉ ማንም አይጠጣም።»

«የቤቱ ባለቤት» የምትለዋ ቃል ጋሽ ፈታሽን እንደ መርፌ ወጋቻቸው። እንግዲህ ወደዚያው እየሄደ ነው። «አንተ ቅመሰው» አሉ።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። አንተ ካመጣኸው አንተ ቅመሰው።»

አስተናጋጁ ሌላ ብርጭቆ አንስቶ ለራሱ ጠብ አደረገና ቀመሰ። አተላው ምላሱ ላይ ቀረ መሰል፣ ፊቱ ጨፍገግ አለ። ጋሽ ፈታሽ ያንን ጭፍገጋ ጠብቀውት ነበር። ብርጭቆውን በአንድ ጣታቸው ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«በሉ እንግዲህ ወረቀቱን አምጡት» አሉ።

«የምን ወረቀት?» አለች ልጃቸው።

«የምፈርመውን ነዋ። ሳይቀምስ አትንገሪው፣ ቀምሶ እምቢ አይልም አላችሁ አይደል? ሰምቻለሁ። አልጋዬን ስትለኩም አልተኛሁም ነበር። ዱቄቱንም አይቻለሁ። ዝም ብዬ አይደለም የማወራው፤ ገልብጬ ነቅንቄ፣ በፀሐይ ብርሃን አይቼ፣ ሌላ ሰው አሳይቼ ነው። ስትመጪ ትጦሪኛለሽ ብዬ ነበር፤ ለካ ልታስወጪኝ ነው የመጣሽው።»

«ጋሼ» አሉ እህታቸው በቀስታ፤ «ጋሼ፣ ምን ነካህ?»

«ነቀነቅከው?» አለች ልጃቸው። የሰማችው ይህንኑ ብቻ ይመስላል። «አባባ፣ ነቀነቅከው?»

አስተናጋጁ የገበታ ጨርቁን ከክንዱ አውርዶ አጠፈውና ተቀመጠ። «አተላ ነው አባባ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። «ወይን ሲያረጅ ከሥሩ ይተኛል። እስኪረጋ ብለን ነው አቧራውን እንኳ ሳንነካ ያቆምነው።» ጋሽ ፈታሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። የያዙት ሰው ሁሉ እንዲህ ይል ነበር፤ ዱቄቱ ዱቄት አይደለም፣ ሻንጣው የኔ አይደለም፣ ሰው ነው የሰጠኝ። ሥጋው ቀዘቀዘ። እህትየው አንድ ጊዜ ስለ ዘይት ሊመለሱ ሞከሩና መሃል ላይ ተዉት። ልጃቸው አላለቀሰችም፤ ያልተነካውን ሳህን ባልተነካው ሳህን ላይ እየደራረበች ወደ ወጥ ቤት አመላለሰች። የመስተዋቱንም ዕቃ ይዛ ሄደች። እህትየው ነጠላ ጫማቸውን ፈልገው፣ የወንድማቸውን ግንባር ሳይስሙ ሄዱ።

ጋሽ ፈታሽ ክፍላቸው ገብተው አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። አሸንፈዋል። ምንም አልፈረሙም፤ አልጋውም እዚሁ ነው፣ ግድግዳውም እዚሁ ነው፣ የባለቤታቸው ፎቶግራፍም እዚሁ ነው። ፎቶግራፉን ግን ቀና ብለው አላዩትም። ትንሽ ቆይተው ጠማቸው። ውሃ ሊቀዱ ኮሪደሩን ይዘው ሲሄዱ የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ እግራቸው እንደ ልማዱ ራሱ ቆመ።

«እሳቸው ፈርተው ነው» ይላል አስተናጋጁ። «ዛሬ ተያቸው፤ ነገ ጠይቂያቸው።»

«ነገ የለም። ወደቡ ጋ የምንከራየውን ቤት እስከ ዛሬ ነው የያዙልን። ያችን ሦስተኛዋን ክፍል ካልፈለግናት ለሌላ ሰው ይሰጧታል።» ዕቃ ይንኳኳል። «መስኮቷ ወደ ወደቡ ነው። መርከብ ሲጮህ ይሰማል፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ እዚያ ብቻ ነበር ይል የለ ሁልጊዜ። ለሱ ብዬ ነው እኮ ያንን ቤት የመረጥኩት። አልጋው እንደሚገባ እንኳ ለክተሃል።»

«ይገባል። ቁም ሳጥኑም ይገባል።»

«ወይኑ ያናፍቀዋል አልኩ። ወደቡን ያነሳል፣ ከዚያ ‹አባባ፣ እሱ እዚያ ሥራ አግኝቷል፣ ከኛ ጋር ና› እለዋለሁ አልኩ። አሁን ምን ብዬ? እዚያም ወስደነው ኪስህን እንዲፈትሽ? አንተ ይቅር ብትለውም እኔ አልልም። ይህ ቤቱ ነው የሚያሳስበው፤ ቤቱን ይያዝ።»

ጋሽ ፈታሽ የበሩን እጀታ ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ መልሰው ሰበሰቡት። ገብተው ምን ሊሉ ነው? ከበር ኋላ ቆሜ ሰማሁ? በሕይወታቸው ስንት ሰው ፊት ቆመው «ይህ ምንድን ነው?» ብለዋል፤ አሁን እሳቸው ናቸው የሚጠየቁት። በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወደ ሳሎን ተመለሱ። ሻማው ጠፍቷል፤ ጨርቁ ላይ የወይን ጠብታ አለ፤ የእሳቸው ብርጭቆ ግን ገፍተው በተዉት ቦታ እንደቆመ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ጥቁሩ ነገር ከሥሩ ተኝቶ ከላይ ያለው ጠርቷል። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ወደ ጡብ ያደላል።

ተቀምጠው አነሱት። አሸተቱት። የወደቡ መጋዘን ሸተታቸው፤ ዝናብ የመታው እንጨት፣ ገመድ፣ የሻይ ሣጥን። ቀመሱት። መጀመሪያ ምላሳቸውን ጨመደዳቸው፣ ከዚያ ለቀቀ፣ ከዚያ ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ሙቀት ትቶ ሄደ። ጥሩ ነበር። እጅግ ጥሩ ነበር፤ ይህን ለማለት ወይን ማወቅ አያስፈልግም። ወዲያው ተነስተው ወደ ወጥ ቤቱ መሄድ ነበረባቸው፤ ሊነሱም ብለው ነበር። ግን የሰው ልማድ ክፉ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ ለማንኛውም ብለው፣ ጥቂት ጠበቁ። ራሳቸውን ያዞራቸው እንደሆነ፣ እግራቸው ይደነዝዝ እንደሆነ ሊያዩ። እጃቸውን ጨበጥ ዘርጋ አደረጉ። የልባቸውን ምት በጣታቸው ያዙ። ልባቸው ደህና ይመታ ነበር። በዚያ መሃል ከወጥ ቤት የልጃቸው ድምፅ መጣ፤ ስልክ ላይ ናት፤ ስልክ ላይ ሰው ድምፁን ዝቅ አያደርግም።

«አዎ፣ እኛ ነን… አይ፣ ትልቁን አንፈልገውም። ትንሹ ይበቃናል። ሁለት ሰው ነን… አይ፣ ሦስተኛው ቀርቷል። እሺ፣ እናመሰግናለን።»

ጋሽ ፈታሽ የቀረውን ጠጡት። አተላው ከንፈራቸው ላይ ቀረ። ብርጭቆውን ይዘው ተነሱና ኮሪደሩን አለፉ፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ፣ እዚያ ቤት ከገቡ ጀምሮ አድርገውት የማያውቁትን፣ ከመግባታቸው በፊት ሳል አደረጉ። በሩን ገፉት። ልጃቸው ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆማለች። አስተናጋጁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ ፊቱ ነው።

«ደህና ነው» አሉ ጋሽ ፈታሽ። «ወይኑ ደህና ነው። ለሁላችንም ይቀዳ።»

ልጃቸው አልዞረችም። ሆደ ሰፊው የመስተዋት ዕቃ ከጎኗ ታጥቦ ፎጣ ላይ ተደፍቷል።

«ደፋሁት አባባ» አለች።

አስተናጋጁ ተነስቶ ባዶውን ብርጭቆ ከእጃቸው ተቀበለና ከሌሎቹ ጋር አጠበው።